ለወተት ፋብሪካ የፕላስቲክ ቧንቧ ስለ መምረጥ፦ ጥያቄዬና የመጡልኝ 19 ምላሾች

መነሻ ጥያቄ

ሰላም ለዚህ መድረክ አባላት ሁሉ። በደብረ ብርሃን ዙሪያ ባለ አንድ አነስተኛ የወተት ማቀነባበሪያ የጥገና ኃላፊ ሆኜ እሠራለሁ። የፋብሪካችን የውሃ መስመር በጋልቫናይዝድ ብረት የተዘረጋ በመሆኑ ዛሬ ከውስጥ እየዛገ ጠዋት ጠዋት ቡናማ ውሃ ያወጣል፤ የማጠቢያ ክፍሉ ቧንቧም በየጊዜው አንድ ቦታ ይበሳል። ሁሉንም በስቴንለስ ስቲል ለመተካት የቀረበልን ዋጋ ከአቅማችን በላይ ሆነ። ባለቤቱ ያነጋገሩት ገጣሚ ደግሞ ፒፒአር (ከፖሊፕሮፒሊን ፕላስቲክ የሚሠራ፣ በማቅለጥ የሚያያዝ ቧንቧ) እስከ 95 ዲግሪ ሙቀት ስለሚችል፣ ከጉድጓዱ አንሥቶ እስከ ወተቱ ድረስ ሁሉም በእርሱ ሊሠራ እንደሚችል ነግሮ አሳምኗቸዋል።

የምንቀይራቸው መስመሮች ሰባት ናቸው፤ ከጉድጓድ ወደ ታንከር የሚሄደው፣ 40 ሜትር ርዝመት ያለውና በጣሪያ ሥር የሚያልፈው የሙቅ ውሃ መስመር፣ ጥሬ ወተት ከመቀበያ ወደ ፓስቸራይዘር (ወተቱን አሙቆ ጀርሙን ወደሚገድለው ማሽን) የሚያደርሰው፣ የማጠቢያ ኬሚካል የሚመላለስበት፣ የቀዝቃዛ ውሃ ዑደቱ፣ የታመቀ አየር መስመሩና የወለሉ ፍሳሽ። ጥያቄዬ አንድ ነው፤ ከእነዚህ የትኛው በፕላስቲክ ይሠራል፣ በየትኛውስ ፕላስቲክ?

ከዚህ በኋላ የመጡት ምላሾች ረጃጅምና እርስ በርሳቸው የሚጠቃቀሱ ስለሆኑ፣ ዘግይቶ ለሚገባ አንባቢ እንዲቀል በየቁጥራቸው በራሴ አገላለጽ አሰፍራቸዋለሁ። ያልተስማማሁበትንም ሳልደብቅ እናገራለሁ።

1ኛ ምላሽ። በሱሉልታ በኩል በታሸገ ውሃ ፋብሪካ ከሚሠራ ወንድም የመጣ ነው። ከማጣሪያው እስከ መሙያ ማሽኑ ድረስ በሙጫ የሚያያዝ ጠንካራ ፒቪሲ እንደ ዘረጉና ለዓመታት እንዳላስቸገራቸው በትሕትና ተረከ። ውሃቸው ከመታሸጉ በፊት ኦዞን (ጀርም የሚገድል ጋዝ) ስለሚገባበት፣ ከዚያ ነጥብ ወዲያ ፒፒአርም ሆነ የተፈጥሮ ጎማ እንዳይኖር አሳሰበ፤ ኦዞን ሁለቱንም ቀስ በቀስ ያነቅዛቸዋል። የሙጫው ማሟሚያ በደንብ ሳይደርቅ ውሃ ከተለቀቀ ሽታው ለቀናት ከውሃው እንደማይወጣም ጨመረ። ምክሩ ለውሃ እውነት ነው። የእኛ ችግር ግን ከውሃ አልፎ እንደሚሄድ የገባኝ ቀጣዩን ምላሽ ሳነብ ነው።

2ኛ ምላሽ። በወተት ፋብሪካ የጥራት ቁጥጥር ባለሙያ የሆኑ እኅት ምንም ምክር ሳይሰጡ ሁለት ነገር ብቻ ጠየቁ፤ መስመሮቹን በምን እንደምናጥብና በስንት ዲግሪ። እኔ በጥያቄዬ ውስጥ በመስመሩ የሚያልፈውን ዘርዝሬ፣ መስመሩን የሚያጥበውን ረስቼው ነበር። ውይይቱ ሁሉ አቅጣጫውን የያዘው ከዚህ ጥያቄ በኋላ ስለሆነ ባለውለታዬ ናቸው።

3ኛው የራሴ መልስ ነው። ከእያንዳንዱ ምርት በኋላ 2 በመቶ ኮስቲክ ሶዳ በ80 ዲግሪ፣ በሳምንት ሁለት ጊዜ 1 በመቶ ናይትሪክ አሲድ በ65 ዲግሪ፣ አንዳንድ ጊዜም ከቦይለሩ እንፋሎት እንደምንጠቀም ጻፍሁ።

4ኛ ምላሽ። ይህ ከሁሉ የጠለቀው ነው። የፕላስቲክ ቧንቧ ዲዛይን ሥራቸው የሆነ መሐንዲስ፣ 95 የሚለው ቁጥር ከየት እንደ መጣ አስረዱ። በዓለም አቀፉ የፖሊፕሮፒሊን ቧንቧ ደረጃ፣ በቁጥር 15874፣ ለሙቅ ውሃ አገልግሎት የሚመረተው ቧንቧ ዕድሜው 50 ዓመት ተብሎ ይሰላል፤ ከእነዚህ ውስጥ 49ኙን በ70 ዲግሪ፣ ተደምሮ አንዱን ዓመት በ80 ዲግሪ፣ 100 ሰዓት ብቻ ደግሞ በ95 ዲግሪ እንደሚያሳልፍ ይታሰባል። ያ 100 ሰዓት የሙቀት መቆጣጠሪያ ሲበላሽ ለሚደርስ አደጋ የተተወ ነው። በየቀኑ ግማሽ ሰዓት 95 ዲግሪ ብንለቅበት ለ50 ዓመት የተሰጠው ድርሻ በ200 ቀን ያልቃል። በ80 ዲግሪ በቀን ሁለት ሰዓት ብናጥብበት ደግሞ የአንድ ዓመቱ ድርሻ 12 ዓመት ያህል ይወስዳል። በቧንቧው ላይ ፒኤን 20 ተብሎ የሚታተመውም 20 ባርን የሚችለው በ20 ዲግሪ ውሃ መሆኑን፣ ሙቀቱ ሲጨምር የሚችለው ግፊት እንደሚያሽቆለቁል አስታወሱ። በዚያው ላይ፣ ይህ ሁሉ ስሌት ለንጹሕ ውሃ ነው። ፖሊፕሮፒሊን ኮስቲክን በደንብ ይቋቋማል፤ ናይትሪክ አሲድ፣ ክሎሪንና ፐርአሴቲክ አሲድ ግን፣ በተለይ ሲሞቁ፣ ከውስጥ ገጹ ጀምረው ያስረጁታል። እንፋሎትን በተመለከተ ምንም ማባበያ አላስቀሩም፤ ከተነጋገርንባቸው ፕላስቲኮች አንዱም ለእንፋሎት አይሆንም።

5ኛ ምላሽ። አንድ ወጣት ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ስለሆነች ውሃዋ በ90 ዲግሪ አካባቢ እንደሚፈላ፣ ስለዚህም የ95 ዲግሪው ጭንቀት ለእኛ ከንቱ እንደሆነ ጻፈ። 6ኛው ምላሽ አረመው። መፍያው ዝቅ የሚለው ክፍት በሆነ ዕቃ ውስጥ ነው፤ ግፊት ባለበት ዝግ መስመር ውስጥ ውሃ ከ100 ዲግሪም በላይ ይሞቃል፤ እንፋሎት ባልተስተካከለ ሳራቺኔስካ (መክፈቻና መዝጊያ ቫልቭ) በኩል ወደ ሙቅ ውሃው ሲሾልክ ደግሞ ቴርሞሜትሩ ከመንቃቱ በፊት ቧንቧው ይለሰልሳል። ወጣቱ እርማቱን አመስግኖ ተቀበለ፤ እንዲህ ያለ መተራረም ነው ወደዚህ መድረክ የሚመልሰኝ።

7ኛ ምላሽ። በአዳማ የለስላሳ መጠጥ መስመር ላይ የሠሩ ቴክኒሻን፣ በጣሪያ ሥር የተዘረጋ የፒፒአር ሙቅ ውሃ መስመር በሁለተኛው ቀን እንደ እባብ ተጠማዝዞ ማሠሪያዎቹን ከግድግዳው እንደ ነቀለ ተረኩ። ከዚያም ለእኛው 40 ሜትር ስሌቱን ሠሩልን። ፒፒአር በየሜትሩና በየዲግሪው 0.15 ሚሊ ሜትር ይረዝማል። የደብረ ብርሃን ማለዳ 10 ዲግሪ ሆኖ ተገጥሞ 70 ዲግሪ ውሃ ሲገባበት ልዩነቱ 60 ዲግሪ ስለሆነ፣ ቧንቧው በ360 ሚሊ ሜትር ይረዝማል። ስቴንለስ በዚያው ሁኔታ የሚረዝመው 38 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። መሐሉ በመስታወት ክር የተጠናከረው ፒፒአር የመርዘም ልኩ 0.035 አካባቢ በመሆኑ ወደ 84 ሚሊ ሜትር ያወርደዋል፤ ይህም ቢሆን በየመሐሉ መተንፈሻ ጥምዝ፣ ከየጎሚቶው (ከቧንቧው ማጠፊያ ክርን) ወዲህና ወዲያም ነጻ ቦታ ይፈልጋል። ይህን ምላሽ አትሜ ለባለቤቱ ሰጠኋቸው፤ ከማስረጃዎቹ ሁሉ ያመኑት ይህን ነው፤ 360 ሚሊ ሜትር በሜትር ተለክቶ ጠረጴዛ ላይ የሚታይ ነገር ነውና።

8ኛ ምላሽ። በዱባይ የመጠጥ ፋብሪካ የሚሠራ ወገናችን፣ በበጋ ከሰገነት ታንከር የሚወርደው ቀዝቃዛ የሚባለው ውሃ ራሱ ከ40 ዲግሪ እንደሚያልፍ ጽፎ፣ ቀዝቃዛ መስመር ነው ብለን ሙቀትን ከሐሳባችን እንዳናወጣ መከረ። በ40 ዲግሪ ጥቁሩ የፖሊኢትሊን ቧንቧ ግፊት የመሸከም አቅሙ ወደ 74 በመቶ ይወርዳል፤ ጠንካራ ፒቪሲ በ60 ዲግሪ የሚቀረው ከአንድ አምስተኛ ብዙም አይበልጥም። ደብረ ብርሃን ዱባይ አይደለችም፤ ነገር ግን በስምጥ ሸለቆ የጉድጓድ ውሃቸው ከምድር ሞቆ የሚወጣላቸው ፋብሪካዎች አሉ፤ ይህ ምክር በቀጥታ የሚመለከታቸው እነርሱን ነው። ለእኛ የጠቀመን ስለ ፀሐይ የጨመረው ነው፤ ፖሊኢትሊን ከ2 በመቶ በላይ የካርቦን ጥቁር ስላለበት የደጋውን ፀሐይ ይችላል፤ ፒቪሲና ፒፒአር ሳይሸፈኑ ደጅ ከዋሉ ግን ይደርቃሉ፣ ይሰባበራሉም።

9ኛ ምላሽ። በአሜሪካ የምግብ ፋብሪካ የጥራት ሥራ ላይ ያሉ እኅት፣ ፉድ ግሬድ (ለምግብ የሚሆን) የሚለው ጽሑፍ ብቻውን ምንም ማረጋገጫ እንዳልሆነ አስረዱ። በዚያ አገር ኤንኤስኤፍ 61 የሚለው ምልክት ቧንቧው ለመጠጥ ውሃ መፈተኑን፣ ኤንኤስኤፍ 51 የሚለው ደግሞ የምግብ ዕቃ መሥሪያ ቁስ ሆኖ መፈተኑን ይናገራል፤ አንዱ ሌላውን አይተካም። የአውሮፓ ኅብረት 10/2011 የተባለው ደንብ ከፕላስቲኩ ወደ ምግቡ የሚያልፈው ጠቅላላ መጠን በካሬ ዴሲ ሜትር ከ10 ሚሊ ግራም እንዳይበልጥ ሲወስን፣ ፈተናው እንደ ምግቡ ዓይነት ይለያያል፤ ወተት በ50 በመቶ ኢታኖል እንዲፈተን የተደረገው ስቡ ንጹሕ ውሃ የማያወጣውን ነገር ከፕላስቲኩ ስለሚያወጣ ነው። ስለዚህ ሻጩ የሚያሳየን ወረቀት ለውሃ የተሰጠ ከሆነ ለወተት አያገለግልም። ፒቪሲ ስንገዛም ማረጊያው (ፕላስቲኩ በሙቀት እንዳይበላሽ የሚጨመርበት ቅመም) እርሳስ ያልሆነ፣ ለምሳሌ ካልሲየምና ዚንክ የሆነ፣ መሆኑን በጽሑፍ እንድንጠይቅ አሳሰቡ። ሲፒቪሲ (ክሎሪን የተጨመረበት ሙቀት ቻይ ፒቪሲ) እስከ 93 ዲግሪ ስለሚሠራ አማራጭ መስሎ እንደሚታይ፣ ነገር ግን የምግብ ዘይት ሲነካው ከውጥረቱ ጋር ተደርቦ እንደሚሰነጥቀውም አከሉ።

10ኛ ምላሽ ላይ ድምፁ ተለወጠ። ራሱን የ15 ዓመት ገጣሚ ብሎ ያስተዋወቀ ሰው፣ እዚህ የተሰበሰበው ሁሉ ወረቀት አንባቢ እንጂ ቧንቧ ነክቶ እንደማያውቅ፣ እርሱ የገጠማቸው የፒፒአር መስመሮች በሆቴልና በሆስፒታል ዛሬም እንደሚሠሩ በቁጣ ጻፈ። 11ኛው የመሐንዲሱ ምላሽ ከዚህ የባሰ ነበር፤ ሆቴል ቧንቧውን በኮስቲክና በአሲድ አያጥብም ከሚለው ትክክለኛ ነጥብ በኋላ፣ ገጣሚዎች ሁሉ ደረጃ ማንበብ የማይችሉ ናቸው ወደሚል ጅምላ ፍርድ ተሻገሩ። በነጥቡ እስማማለሁ፤ በፍርዱ አልስማማም። የመገጣጠሚያ ጥራት በእጅ ላይ ያለ ሙያ ነው፤ የማቅለጫ ማሽኑን በ260 ዲግሪ ይዞ ሰከንዱን ቆጥሮ የሚያያይዝ ሰው ከሌለ የመሐንዲሱ ስሌት በየመጋጠሚያው ይፈስሳል።

12ኛ ምላሽ። አንድ አንጋፋ የቧንቧ ባለሙያ፣ አባታችን እያልን የምንጠራቸው፣ ሁለቱንም ልጆቼ ብለው ገሥጸው ጉዳዩን ወደ ቦታው መለሱት። ማንም ያላነሣውን የስፋት ነገርም አነሡ። ብዙ ሰው ባለ 1 ኢንቹን ጋልቫናይዝድ አውጥቶ ባለ 32 ሚሊ ሜትር ፒፒአር ይተካል። ጋልቫናይዝዱ ውስጡ 27 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ ፒፒአሩ ግን 32 የሚባለው የውጭ ልኩ ሆኖ፣ የፒኤን 20ው ግድግዳ 5.4 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ውስጡ 21.2 ብቻ ነው። የውሃው መንገድ ከሦስተኛ በላይ ጠበበ ማለት ነው። ከዚያ ፓምፑ ደከመ ይባላል፣ ማጠቢያውም መስመሩን የሚፍቀውን በሰከንድ 1.5 ሜትር ያህል ፍጥነት ያጣል። ስለ ወተቱ መስመርም በጥቂት ቃላት ብዙ ተናገሩ፤ ፒፒአር ሲቀልጥ በመጋጠሚያው ውስጥ እንደ ከንፈር የሚወጣ ጠርዝ ይተዋል፤ ከዚያ ሥር የሚቀመጠውን ወተት ምንም ማጠቢያ አያወጣውም። ገጣሚው በ10ኛው ላይ ያን ያህል ተቆጥቶ ሳለ ለዚህኛው አልመለሰም።

13ኛና 14ኛ ምላሾች ከርእሱ ወጡ። አንዱ ዐቢይ ጾም ሲገባ የወተት ገበያ ስለሚቀንስ ፋብሪካዎች ለ55 ቀን ምን እንደሚሠሩ ጠየቀ፤ ሌላው ስለ ጥሬ ወተት ዋጋና አርሶ አደሩ በጾም ወራት ስለሚደርስበት ኪሳራ ምሬቱን አፈሰሰ። በ15ኛው ምላሽ አንዲት እኅት ጾሙን ወደ ቧንቧው መለሱት፤ ይህ ከጠበቅሁት በላይ ጠቃሚ ሆነ። ምርት ሲቀንስ ከመስመሮቹ ግማሾቹ ሳይፈስሱ ይቆማሉ፤ በቆመ ውሃ ውስጥ ደግሞ በግድግዳው ላይ የሚያሟልጭ የረቂቅ ተሕዋስያን ሽፋን ይበቅላል። ስለዚህ መስመሩ ከመጀመሪያው ወደ አንድ ወገን ዘንበል ብሎ እንዲራቆት ሆኖ ይገጠም፣ ቅርንጫፍ ተዘግቶ የሚቀር ጉቶም ከቧንቧው ዲያሜትር ሁለት እጥፍ አይርዘም አሉ። ፕላስቲክ በየማሠሪያው መካከል ስለሚሰግድ፣ በተለይ ሲሞቅ፣ ይህን ዘንበልታ ለመጠበቅ ከብረት ይልቅ ተቀራራቢ ማሠሪያ ይፈልጋል። እኛ በጾም ጊዜ መስመሩን ዘግተን ብቻ እንተወው ነበር፤ ከትንሣኤ በኋላ በመጀመሪያው ሳምንት የሚያስቸግረን የሽታ ምንጭ ይህ ይመስለኛል።

16ኛ ምላሽ። አጭር ነው። የፍሳሹን መስመር በተራ ፒቪሲ አትሥሩ፤ ሙቅ ኮስቲኩ በመጨረሻ የሚወርደው ወደዚያ ነው። በርካታ ፋብሪካዎች ውድ የሆነውን የላይኛውን መስመር በጥንቃቄ መርጠው፣ ከወለሉ ሥር የቀበሩት ፒቪሲ በ80 ዲግሪ ፍሳሽ ተጣሞ ሲሚንቶውን ለማፍረስ ተገድደዋል። ምክሩ ፖሊፕሮፒሊን ወይም ፖሊኢትሊን የፍሳሽ ቧንቧ፣ ከዚያ በፊት ደግሞ ማቀዝቀዣ ጉድጓድ ነው።

17ኛ ምላሽ በትልልቅ ቃላት ተቆጥቶ የጻፈ ሰው ነው፤ ቁጣው ግን ተገቢ ነው። እኔ በመነሻ ጥያቄዬ የታመቀውን አየር ከሌሎቹ ጋር ደርቤ ስለ ጻፍሁ፣ ሰው እንዳትገድል ሲል አስጠነቀቀኝ። ውሃ የያዘ ፒቪሲ ሲሰነጠቅ ውሃ ይፈስሳል፤ አየር የያዘ ፒቪሲ ሲሰነጠቅ ግን የታመቀው ጉልበት ባንድ ጊዜ ስለሚለቀቅ እንደ ቦምብ ፍንጣሪ ይበተናል። የአሜሪካ የሥራ ደኅንነት መሥሪያ ቤት በ1988 እ.ኤ.አ. ስለዚሁ ማስጠንቀቂያ አውጥቷል። በደብረ ብርሃን ውርጭ ደግሞ ፒቪሲ ይበልጥ ተሰባሪ ይሆናል። የአየር መስመራችን በብረት ወይም በአሉሚኒየም ይሠራል፤ ይህን ከባለቤቱ ጋር አልደራደርበትም።

18ኛ ምላሽ። መሐንዲሱ ተመልሰው መጡ፤ በመጀመሪያ በ11ኛው ላይ ስለ ተናገሩት ጅምላ ቃል ገጣሚውን ይቅርታ ጠየቁ። ቀጥለው የቀሩትን መስመሮች አዩልን። ለቀዝቃዛው ዑደት በብየዳ የተያያዘ ፖሊኢትሊን፣ በደንብ ተሸፍኖ፤ ፒፒአር በዜሮ ዲግሪ አካባቢ ምት ስለማይችል ለዚህ አይመረጥም፤ ማለዳ በውርጭ ከእጅ የወደቀ የፒፒአር ዘንግ በዓይን የማይታይ ስንጥቅ ይዞ ሊገጠም ይችላል። ለጉድጓዱም ፖሊኢትሊን፣ ነገር ግን የት እንደሚቀበር ይታይ። ናፍጣ የጠጣ አፈር ውስጥ ከተቀበረ ነዳጁ ግድግዳውን አልፎ ወደ ውሃው ይገባል። የእኛ ቦይ በካርታው ላይ የሚያልፈው ከጄኔሬተሩ የናፍጣ በርሜሎች አጠገብ ነው። ቦዩን ወደ ምሥራቁ አጥር አዛውረነዋል፤ 30 ሜትር ተጨማሪ ቧንቧ ጠየቀን።

በዚህ ደረጃ ለባለቤቱ ያቀረብሁት ውሳኔ ይህ ነበር፤ ወተቱና የማጠቢያ ኬሚካሉ የሚያልፉባቸው መስመሮች ርዝመታቸው አጭር ስለሆነ በ316ኤል (ዝገትን ይበልጥ በሚቋቋም ዓይነት) ስቴንለስ ይሠሩ፤ ሙቅ ውሃው ከ70 ዲግሪ እንዳያልፍ መቆጣጠሪያ ተገጥሞለት በመስታወት ክር በተጠናከረ ፒፒአር፣ በ40 ሚሊ ሜትር፤ ጉድጓዱና ቀዝቃዛው በፖሊኢትሊን፤ ፍሳሹ በፖሊፕሮፒሊን። ገንዘቡ የሚበዛው ሁሉንም በስቴንለስ ስናስብ እንጂ ወተቱ የሚነካውን ብቻ ስንለይ እንዳልሆነ ሲያዩ ተስማሙ።

19ኛ ምላሽ የመጣው ከዚህ በኋላ ሲሆን፣ የሁለተኛው ምላሽ ባለቤት እኅት ናቸው። በዚህ ጊዜ አንድ ጥያቄ ብቻ ነው የጠየቁት፤ የመገጣጠሚያዎቹ ጋስኬት (በመሐላቸው የሚገባው የጎማ ማሸጊያ) ከምን እንደ ተሠራ። ኢፒዲኤም የተባለው ጎማ ለሙቅ ውሃና ለኮስቲክ ጥሩ ሆኖ ሳለ፣ ክሬምና ቅቤ በሚያልፍበት መስመር ግን ስብ ስለሚጠጣ ያብጣል፤ እዚያ ናይትራይል ወይም ፍሎሮካርቦን ጎማ ያስፈልጋል። በማግሥቱ የክሬም መለያውን መውጫ ፈትቼ አየሁት። ጋስኬቱ አብጦ ወደ ቧንቧው ውስጥ ገብቷል፤ ከጀርባውም ቢጫ የስብ ንጣፍ ተጋግሯል። የትኛውን የጎማ ዓይነት፣ በየትኛው ልክ እንደምናዝ ዝርዝሩን እያዘጋጀሁ ስለሆነ፣ ለክሬም መስመር ናይትራይልን በ80 ዲግሪ ኮስቲክ ያጠበ ሰው ካለ በስንት ወር እንደሚቀይረው በ20ኛው ላይ እንዲጽፍልኝ እለምናለሁ።